ከእሽቅድምድም መም እስከ ሐረጎ፦ መኪናው የጻፈውን ማን ያነበዋል?

ከደሴ ተነስቶ የሐረጎን ኩርባዎች ጨርሶ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ የወረደ ተሳፋሪ፣ መስኮቱን ከፍቶ ከሆነ፣ አንድ ሽታ ያውቃል። የተቃጠለ ላስቲክ ይመስላል፤ ነገር ግን የጋለ የፍሬን ሸራ ነው። ጭነት መኪናዎች ዳር ይዘው ቆመዋል። ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ሥር ይሸጉጣል፤ ሹፌሩ ደግሞ የእጁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠግቶ ሙቀቱን ይለካል። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም። ረዳት ሳለ ሲደረግ ያየው ነው።

የእጅ ጀርባ ደህና መለኪያ ነው። ጉድለቱ መልሱን የሚሰጠው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። የትኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ መጋል እንደጀመረ፣ የትኛው ላይ እግርን አንስቶ ማለፍ ይቻል እንደነበር አይናገርም።

በዚያው መኪና ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ጀርባ፣ ሌላ መለኪያ ተሸሽጓል። ሹፌሮች በአጭሩ «ጂፒኤስ» ይሉታል። መኪናው የት እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ሞተሩ መቼ እንደጠፋ እየመዘገበ በስልክ መስመር ለባለንብረቱ ይልካል። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጎማውም፣ የፍሬን ሸራውም፣ ነዳጁም ዋጋቸው አልቀመስ ብሏል፤ ስለዚህ ባለንብረቱ መኪናውን በዓይኑ መከተል ቢፈልግ አይፈረድበትም። የምፈርደው በሌላ ነገር ነው። ይህ ሁሉ መዝገብ እየተሰበሰበ የሚነበበው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ማን አጠፋ?

አንድ የማውቀው ሹፌር ሰኞ ቀን ባቲ ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆሞ ስልክ ተደወለለት። «ለምን ቆምክ?» ነበር የመጀመሪያው ቃል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከአፋር በኩል የመጣው ግመልና ፍየል መንገዱን ሲሞላው ማንም ይቆማል፤ መሣሪያው ግን ግመል አይቆጥርም። ይባስ ብሎ የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ስለነበር ክርክሩ ግማሹ ስለ መቆሙ ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ሆነ።

እዚህ ላይ ከእኛ ሕይወት እጅግ የራቀ የሚመስል ዓለም ልጥራ፦ የመኪና እሽቅድምድም። ወሎ ውስጥ የእሽቅድምድም መም የለም። እኛ የምናውቀው የፈረስ ጉግስ ነው። ነገር ግን መኪና የሚጽፈውን መዝገብ አንብቦ አነዳድን ማሻሻል እንደ ሙያ ያደገው በእሽቅድምድም መም ላይ ነው፤ የሙያው ፍሬ ነገር ደግሞ ውድ ማሽን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጥያቄን መለወጥ ነው። እዚያ የሚጠየቀው «ማን» ሳይሆን «የት» ነው።

የፎርሙላ ዋን መኪና ወደ 300 የሚጠጉ ሴንሰሮች፣ ማለትም ትናንሽ መለኪያዎች፣ ይሸከማል። የጎማ ሙቀት፣ የፍሬን ሙቀት፣ የነዳጅ ፍሰት፣ የመሪ መዞር፣ የእግር ግፊት፣ ሁሉም ይመዘገባል፤ መኪናው ገና እየሮጠ ሳለ መረጃው ጋራዥ ውስጥ ለተቀመጡ መሐንዲሶች ይደርሳል። አንድ ጊዜ ነገሩ ከዚህም አልፎ ነበር። መሐንዲሱ ከተቀመጠበት ሆኖ የሚሮጠውን መኪና ቅንብር በሬዲዮ መቀየር ይችል ነበር። ይህ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2003 የውድድር ዘመን ጀምሮ ተከለከለ። ዛሬ መረጃው ከመኪናው ወደ ጋራዥ ይመጣል እንጂ ከጋራዥ ወደ መኪናው ትእዛዝ አይሄድም። መሪውን የያዘው ሰው ራሱ ካላደረገው በቀር መዝገቡ ብቻውን ምንም አያደርግም ማለት ነው። የእኛ ባለንብረቶች በስልክ መኪና ሊነዱ ሲሞክሩ ሳይ ይህ ክልከላ ትዝ ይለኛል።

ለትርፍ ጊዜው የሚወዳደር ተራ ሰው ግን 300 ሴንሰር የለውም፤ አያስፈልገውም። ፍጥነት፣ ቦታ፣ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል፣ እነዚህ አራቱ ካሉት ብዙ ይማራል። የነዳጅ መርገጫውና የፍሬኑ ግፊት ከተጨመረለት ደግሞ የቀረው ትርፍ ነው። እነዚህን የሚመዘግቡ ትናንሽ ሣጥኖች አሉ፤ በስልክ የሚሠሩ ፕሮግራሞችም አሉ። ልዩነታቸው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይጽፋሉ የሚለው ላይ ነው። የተራ ስልክ ጂፒኤስ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ ቦታውን ይናገራል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በአንድ ሰከንድ 55 ሜትር ተኩል ይጓዛል፤ አንድ ሙሉ ኩርባ በሁለት ነጥብ መካከል ሊጠፋ ይችላል። ለውድድር የተሠሩት በሰከንድ 10 ወይም 25 ጊዜ ይጽፋሉ። 10 ጊዜ ሲጽፍ በየአምስት ሜትር ተኩሉ አንድ ነጥብ አለ ማለት ነው። ያኔ ኩርባው በወረቀት ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት እንምጣ። መዝገቡ በሰዓት ቅደም ተከተል አይነበብም፤ በቦታ ቅደም ተከተል ነው። በግራፉ ላይ አግድም የሚሄደው መስመር ሰከንድ ሳይሆን ሜትር ነው፤ ከመነሻው መስመር 400 ሜትር፣ 450 ሜትር፣ 500 ሜትር እያለ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ሹፌር መሙን ሁለት ጊዜ ቢዞረውና በሁለቱም ዙር 30ኛው ሰከንድ ላይ ምን እያደረገ እንደነበር ብናነጻጽር፣ በአንደኛው ዙር ኩርባ ውስጥ በሁለተኛው ኩርባውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። የማይነጻጸር ነገር አነጻጸርን ማለት ነው። በቦታ ከደረደርነው ግን 450ኛው ሜትር ላይ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ጥላ ሥር፣ ትናንት ምን አደረገ፣ ዛሬስ?

ለእኛ ባለንብረት የሚላከው ሪፖርት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት የተደረደረ ነው። «ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ10፣ ፍጥነት 78።» የት? ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወይስ ትምህርት ቤት በር ላይ? ቁልቁለት ነበር ወይስ ዳገት? 78 ቁጥሩ ያስቆጣል እንጂ አያስተምርም።

በቦታ የተደረደሩ ሁለት ዙሮች ሲደራረቡ ከሥራቸው ሦስተኛ መስመር ይሰመራል፤ የሰዓት ልዩነት መስመር። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው እየቀደመ ሲሄድ መስመሩ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፣ ሲዘገይ ወደ ሌላው። ሁለት ሰከንድ ዘገየሁ ብሎ የሚያማርር ሰው መስመሩን ሲያይ፣ ሁለቱ ሰከንዶች በመሙ ላይ እኩል ተበትነው እንዳልጠፉ ያያል። አንዱ ሰከንድ በሙሉ በአንድ ኩርባ ውስጥ ቀርቷል። ጎበዝ አሠልጣኝ የቀሩትን ኩርባዎች ትቶ ስለዚያች ብቻ ያወራል፤ በአንድ ቀን አንድ ነገር። አሥር ስሕተት የተነገረው ሰው አሥራቸውንም ይዞ ወደ መም ይመለስና አሥራ አንደኛውን ጨምሮ ይመጣል።

ጀማሪ ሹፌር ሰዓት የሚገኘው ፍሬን ዘግይቶ በመያዝ ይመስለዋል። ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የሚመጣ መኪና በሰዓት 90 ወደሚወሰድ ኩርባ ሲደርስ ፍሬኑን አምስት ሜትር አዘግይቶ ቢይዝ የሚያተርፈው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ነው፤ ያውም ኩርባውን ሳይስት ካለፈው። ከኩርባው ወጥቶ 600 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ ቢኖር፣ ከመውጫው ላይ በጥሩ ፍጥነት ስለወጣ ብቻ ያንን መንገድ በአማካይ በ150 ፋንታ በ153 ቢሄደው ወደ 0.28 ሰከንድ ያተርፋል። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ነው፤ ያውም ልብ በማያስደነግጥ ቦታ ላይ። ግራፉ ይህን ካላሳየው በቀር ሹፌሩ አያምንም። ስሜቱ የሚነግረው ተቃራኒውን ነውና፤ የፈራበት ቦታ ሁሉ የፈጠነበት ይመስለዋል።

የፍሬኑ መስመር ቅርጽ ራሱ ባሕርይ ይናገራል። የለመደ ሰው ፍሬን ገና ሲይዝ ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፤ ከዚያ ወደ ኩርባው እየገባ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይለቃል። መስመሩ ከገደል አፋፍ ጀምሮ እየተንሸራተተ የሚወርድ ተራራ ይመስላል። የጀማሪው ግልባጩ ነው። መጀመሪያ ይዳብሰዋል፤ ኩርባው ሲቀርብ ይደነግጥና ይጨምራል፤ ከፍተኛው ግፊት ኩርባው ውስጥ ይገኛል፤ ማለትም ጎማው መዞር በጀመረበት፣ ፍሬን በማይፈለግበት ቦታ። የነዳጅ መርገጫው መስመር ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሆነ ሰውየው ለመኪናው እየለመነ ነው፦ ልስጥህ? ልተው? ልስጥህ?

ጎማ ያለው አንድ እንጀራ ነው። ከመንገዱ ጋር ያለው መያዣ ውሱን ነው፤ ፍሬኑ ከዚያ ይቆርሳል፣ መሪውም ከዚያው ይቆርሳል። ፍሬኑ ሙሉውን ከበላው ለመሪው የሚተርፍ የለም፤ መኪናው መሪ እየዞረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሐንዲሶች ይህን በክብ ይሥሉታል፤ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል በአንድ አቅጣጫ፣ ፍሬኑና ማፍጠኑ በሌላው። የተመዘገበው እያንዳንዱ ቅጽበት በክቡ ውስጥ አንድ ነጥብ ይሆናል። የጎበዝ ሹፌር ነጥቦች በክቡ ጠርዝ ዙሪያ ይሰፍራሉ። የጀማሪው መስቀል ይሠራሉ፤ ፍሬን ብቻ፣ ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ መሪ ብቻ። ማዕከሉ ላይ የተከማቹት ነጥቦች ፍሬንም ነዳጅም ሳይረገጥ ዝም ብሎ የተንሳፈፈበት ጊዜ ናቸው። ውድድር ላይ ያ ጊዜ ኪሳራ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ የማልወደው ነገር አለ። ፕሮግራሞቹ ከየዙሩ ምርጥ ምርጡን ቁራጭ ሰብስበው «ይህን ያህል መሄድ ትችል ነበር» የሚል ሰዓት ይሰጣሉ። ማንም ያልነዳው ዙር ነው። የሦስተኛውን ኩርባ መግቢያ አፍጥኖ የወሰደ ሰው መውጫውን አበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ቁራጩ ብቻውን ግን ደማቅ ሆኖ ይታያል። ከተለያየ ቀሚስ ጥለት እየቆረጡ እንደመስፋት ነው።

አሁን ወደ ሐረጎ። ይህንን ሙያ ወደ መንገዳችን ስናመጣው መጀመሪያ የሚወልቅ ነገር አለ፤ ሰዓቱ። የሕዝብ መንገድ መም አይደለም። ማንም ሹፌር ከደሴ ኮምቦልቻ በስንት ደቂቃ ወረድኩ ብሎ መዝገብ ሊሰብር ከተነሣ የተማረው ነገር ሁሉ እሱንም ተሳፋሪውንም ይገድላል። የሰዓት ልዩነቱ መስመር ይጥፋ፤ የቀሩት ይቆዩ። በሰዓቱ ፋንታ የምንፈልገው ትርፍ ሌላ ነው፦ ያልጋለ ፍሬን፣ ያልተላጠ ጎማ፣ ያላዘነበለ ጭነት።

ለምን ይህ መንገድ? ምክንያቱም የዚህ መስመር ሹፌር መንገዱን እንደ ተወዳዳሪ ሹፌር ይደጋግመዋል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች። ለሃያ ዓመት የተመላለሰ ሰው ያንን ኩርባ ያየው ከማንኛውም የዓለም ሻምፒዮን መሙን ካየበት ይበልጣል። ሻምፒዮኑ ግን እያንዳንዱን ዙር መልሶ አይቶታል። የእኛው ሰው አንዱንም አላየም።

ከፍታውን ወደ ሙቀት እንመንዝረው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና 600 ሜትር ሲወርድ ወደ 235 ሚሊዮን ጁል ኃይል የሆነ ቦታ መጣል አለበት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድ 50 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በየሰከንዱ የሚጥለው በአማካይ 78 ኪሎ ዋት ይሆናል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይወስዳል ብንል፣ ይህ ከ20 የሚበልጡ ምጣዶች ለ50 ደቂቃ ያለማቋረጥ እንደ መጣድ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ጊዜው ወደ 30 ደቂቃ ያጥርና ምጣዶቹ 37 ይሆናሉ። ከዚህ ውስጥ የጎማው መንከባለልና አየሩ የተወሰነውን ይወስዱለታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ የፍሬን ሸራው ይበላዋል። ቁልቁለቱም እኩል አልተዘረጋም፤ ኩርባዎቹ ላይ ይከማቻል፤ ሙቀቱም እንደዚያው።

ሞተሩ እንዲይዘው ማርሹ ቁልቁለቱ ሳይጀምር መቀነስ አለበት። ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚባለው የድሮ ምክር ጥሩ መነሻ ነው፤ ጠንካራ ሞተር ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች ግን ከዚያም ዝቅ ያለ ማርሽ ሊፈልጉ ይችላሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ የሚለቅ ሹፌር ከሁሉ የከፋውን መርጧል፤ ምጣዶቹን ሁሉ ለሸራው ብቻ ሰጥቷል። ፍሬን አያያዙም ልዩነት አለው። እግርን ለስለስ አድርጎ ፍሬን ላይ ጥሎ ኪሎ ሜትሮችን መውረድ ምቾት ይሰጣል፤ ሸራው የሚታሽበትን ታምቡር ግን አፍታ ሳያሳርፍ ያግለዋል። የከባድ መኪና ሥልጠና የሚያስተምረው ሌላ ነው፦ በወሰንከው ፍጥነት ላይ ስትደርስ ለሦስት ሰከንድ ያህል ጠንከር አድርገህ ያዝ፤ ፍጥነቱ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀንስ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፤ እንደገና እስኪደርስ ጠብቅ። በግራፍ ላይ ይህ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ነው። እሽቅድምድም ላይ የጀማሪ ምልክት ያልነው መጋዝ እዚህ የጎበዝ ሹፌር ፊርማ ይሆናል። ግራፍ ያለ ቦታው አይነበብም የምለው ለዚህ ነው።

ጭነቱ ደግሞ አለ። የእሽቅድምድም መኪና ጎማው እስኪንሸራተት ድረስ ይገፋል፤ የተጫነ ከባድ መኪና ግን ጎማው ሳይንሸራተት በፊት ይገለበጣል። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል የመኪናው ክብደት 35 ወይም 40 በመቶ ሲደርስ ከፍ ብሎ የተጫነ መኪና ጎማው ከመሬት መነሳት ይጀምራል። 20 ሜትር ራዲየስ ያለው ጠባብ ኩርባ ብንወስድ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲታጠፍ ግፊቱ 25 በመቶ ያህል ነው፤ በ30 ሲታጠፍ 35 በመቶ። አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ። የፍጥነት ማሳያው መርፌ ላይ የጣት ጥፍር ውፍረት ነው፤ የባለንብረቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። 30 ለማንም ማስጠንቀቂያ የሚያስጮህ ፍጥነት አይደለምና። በየ30 ሰከንዱ አንድ ጊዜ እንዲልክ የተስተካከለ መሣሪያ ከሆነ ደግሞ በሰዓት 40 በሚሄድ መኪና ላይ በሁለት ነጥብ መካከል ከ330 ሜትር በላይ ይጠፋል። ኩርባው እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ይህን ሁሉ ሳሰላስል ከወረቀት መውረድ አማረኝ። ጋሼ የምላቸው፣ ዕድሜያቸውን በዚህ መስመር የጨረሱ አንድ ሹፌር አሉ። ስልኬን መስታወቱ ሥር አጥብቄ አስሬ (ኪስ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ የሚለካው ኪሱን ነው)፣ ከአንዲት ትንሽ የጂፒኤስ መቀበያ ጋር አገናኝቼ አብሬያቸው ወረድኩ። ምን እንደማደርግ ስነግራቸው ሳቁ። «አብሽር፣ ይህን መንገድ እግሬ ያውቀዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ሦስት ቀን ወረድን፤ የሦስቱም ቀን መስመር ተደራርቦ ሲታይ አንድ ሰው የጻፈው ፊርማ ይመስል ነበር። ባቲና አምባሰል የሚባሉት የዜማ ቅኝቶች በስሙ የተጠሩበት አገር ሰው ነኝና ዜማ ሲደጋገም አውቃለሁ።

አንዲት ኩርባ ላይ ግን ፊርማው ይንሻፈፋል። በሌሎቹ ሁሉ ፍጥነታቸው ከኩርባው በፊት ወርዶ ያልቃል፤ እዚያች ላይ መውረዱ ኩርባው ውስጥ ይቀጥላል። ሦስቱንም ቀን። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ አንቱ ፍሬን የሚይዙት ከገቡ በኋላ ነው» አልኳቸው። «አልይዝም» አሉ። አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ምክንያቱን ነገሩኝ፤ ከኩርባው በላይ ከአንድ ጥርጊያ ባጃጅ ድንገት ይወጣል፤ ዓይናቸው እዚያ ላይ ተተክሎ ስለሚቆይ እግራቸው ይዘገያል። ከዚህ በፊት አስበውት አያውቁም። እኔም ግራፉን ብቻዬን ሳነብ ቆይቼ ስሕተት ብዬ ልጽፈው ነበር። «የት» የሚለውን መዝገቡ ነገረን፤ «ለምን» የሚለውን እሳቸው። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ነው። መፍትሔውም ከሁለቱ መጣ፦ ፍጥነቱን ከጥርጊያው በፊት ጨርሶ መቀነስ፣ ዓይንን ከዚያ ነጻ ማውጣት።

ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው መሣሪያ ካለው የተለየ አይደለም፤ የሚያስፈልገው አደራደር የተለየ ነው። ትልቁ እንቅፋት ግን ቴክኒክ አይደለም። ሹፌሩ ይህ መሣሪያ የተተከለው እሱን ለማሰር እንደሆነ ያውቃል። በሪፖርት ደመወዙ ሲቆረጥበት አይቷል። ስለዚህ ሽቦ ይነቅላል፤ መሣሪያውም «ተበላሸ» ይባላል፤ ባለንብረቱ ሌላ ያስገባል። እሽቅድምድም ላይ ሹፌር ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ መዝገቡ የሚሮጠው መዝገቡ የራሱ ስለሆነ ነው። አንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ሁለት ሹፌሮች እንኳ አንዱ የሌላውን ግራፍ ያያል፤ ተቀናቃኝ ሆነው ሳለ። እኛ ዘንድ ሹፌሩ ስለ ራሱ የተጻፈውን ገጽ ዓይቶት አያውቅም።

ሕጉ ግን አሁን ከሹፌሩ ጎን የሚቆምበት ነገር አለው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተገለጸ ዓላማ መሰብሰብ እንዳለበት፣ መረጃው ስለ እሱ የሆነው ሰውም የተያዘበትን የማየት መብት እንዳለው ደንግጓል። ሹፌሩ በመሪው ላይ ሳለ የሚላከው ቦታና ፍጥነት የመኪናው መረጃ ብቻ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ እኔ አይመስለኝም። ሹፌሩ ግራፉን የማየት መብቱን ቢጠቀምበት ለደኅንነትም ለሙያም ይበጃል፤ ለባለንብረቱ ኪስም ጭምር። የፍሬን ሸራ በምን ያህል እንደሚገዛ ለባለንብረት አልነግረውም።

የክፍያው ጉዳይም አለ። በምልልስ የሚከፈለው ሹፌር ሰዓቱን ልናጠፋለት ብንሞክር መልሶ ያበራዋል፤ እንጀራው ነውና። ኬላ ላይ ያጠፋውን ጊዜ ቁልቁለት ላይ ለማካካስ የሚሞክርን ሰው በግራፍ ብቻ መመለስ አይቻልም። ይህን የማኅበራት ኃላፊዎችና ባለንብረቶች ተቀምጠው ካልቆረጡት እኔ ስለ ፍሬን ቅርጽ የጻፍኩት ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ያን ቀን ኮምቦልቻ ደርሰን ጋሼ እንደ ልማዳቸው ወርደው የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጉ፤ ከዚያ ስልኩን አምጣ አሉኝ። ከእሳቸው በኋላ የሚወርድ፣ መንጃ ፈቃዱን ገና ያወጣ አንድ ወጣት ሹፌር ነበር፤ በአንድ ባለንብረት ሥር ናቸው። «በሚቀጥለው ከእሱ ጋር ውረድ» አሉ። «የሱን ለኔ አሳየኝ፣ የኔንም ለሱ አሳየው።» ጥቂት አሰብ አድርገው ጨመሩ፦ «ለባለንብረቱ ግን እንዳትልክበት።»